አባባን ያስቀመጥሁበት ወንበር

ጥር 9፣ ፍኖተ ሰላም

አባባን ከማንኩሳ ካመጣኋቸው ሁለት ዓመት ሆነ። «እርሻው ይብቃዎት» ብዬ መደገፊያ ያለው ወንበር ገዛሁላቸው፤ አንድ ጀሪካን ውኃ እንኳ እንዳያነሡ ከለከልሁ። የወገባቸው ሕመም ግን ሲያርሱ ከነበረው ባሰ።

ዛሬ ሐኪም ቤት ወሰድኋቸው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መርምራቸው፣ «ጡንቻቸው የደከመው ከመቀመጥ ብዛት ነው። ቀስ በቀስ ክብደት ማንሣት ይልመዱ» አለችኝ። አክባሪ ነኝ ባይ! በገዛ እጄ አደከምኋቸው።

ቤት ስንገባ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ሞልቼ ሰጠኋቸው። በግራ በቀኝ ይዘው አምስት ጊዜ ከወንበሩ ተነሡ፣ ተቀመጡ። ላብ ላብ ሲላቸው ፊታቸው ፈካ።

«መቀመጡ እንዳልተስማማዎት ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«ወንበሩን ያመጣህልኝ ቀን ደስታህ ልክ አልነበረውም። በምን አፌ ልንገርህ?» አሉኝ።