የዓይናማዋ የስፌት መኪና

እሑድ፣ የካቲት 2

የስፌት መኪናዋን ቆርጠው አውጥተውታል።

ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ቴሌቪዥን ብከፍት እሷ ናት። ዓይናማዋ። ህንዳዊቷ ተዋናይት። ትክክለኛ ስሟን ያኔም አላውቀውም፣ ዛሬም አላውቀውም። ቢቸና ቪዲዮ ቤት ሁላችንም “ዓይናማዋ” ነበር የምንላት። ያው አረንጓዴ ልብሷ፣ ያው የአማቷ ቤት፣ ያው ባሏ በጥፊ የሚመታት ደረጃ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ፊልሙን ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ግን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤዋለሁ።

ከሥር አማርኛ ይጽፋሉ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። አነባለሁ፣ መሮጥ ግን አልችልም። የመስመሩ ግማሽ ላይ ስደርስ ይጠፋል። “ልጄን ትቼ…” ጠፋ። “አባትሽ ቤት ብት…” ጠፋ። ጽሑፉ ለወጣት የተሠራ ነው፤ እንደ ሁሉም ነገር።

መጨረሻውን ለማየት ግን ፊደል አያስፈልግም። ቤቷን ጥላ ወጣች፤ እስከዚህ እኔም አውቀዋለሁ። ቀጥሎ ሌላ ከተማ ሄዳ፣ ጠባብ ክፍል ተከራይታ፣ ከስፌት መኪና ፊት ትቀመጣለች። መኪናው ተክ ተክ ተክ ይላል። ይህ መምጣት ነበረበት። አልመጣም። በሱ ፈንታ ዝናብና ዘፈን መጣ፤ ከዚያ ያንን ደረጃ ተመልሳ ወጣች። ጎንበስ ብላ የባሏን እግር ነካች። አለቀ።

ቆርጠውታል። “ረቡዕ ከሰዓት ይደገማል” የሚል ጻፉ። እሱን ሙሉውን አነበብኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ይታይሽ ደወለች። ልጄ ናት፤ ሁለት ዓመቷ ሳለ ቢቸና ጥያት የወጣሁት። በዓመት ሁለት ጊዜ እንደዋወላለን። እንደ ባዕድ አንቱ ትለኛለች፤ ያሳደገቻት የአባቷ እናት ናት፣ እንዲያ አስለመደቻት።

አባቷ ከዚህ በሽታ አይነሣም። ሐኪሞቹ ቤትህ ሂድ ብለውታል። ሳልሞት መጥታ ይቅር ትበለኝ ይላል አለችኝ።  ቀጥላ፦

“ለሱ ብዬ አይደለም የምለምንዎት። እኔም የምጠይቅዎ አለኝ።”

ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ሳለ አንድ ጊዜ እኔ ያለሁበት ሞጣ መጥታ የስፌት ሱቄ በር ላይ ቆማ ጠይቃኛለች፦ ምን አይተው ነው ጥለውኝ የሄዱት? ሳትቀመጥ ተመለሰች። አባትሽ እጄን ሰብሮኝ ነበር ማለት እችል ነበር። ያንን ቢቸና ሁሉ ያውቃል። ግን እጃቸው የተሰበረ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ፤ ልጃቸውን ጥለው አልሄዱም። እኔ የሄድኩት ፊልም አይቼ ነው። ይህ ለልጅ እንዴት ይነገራል?

እመጣለሁ አላልኳትም። የመንገዱን ነገር አያለሁ አልኳት። በዚህ ዘመን መንገድ ለፈሪ ሰው ጥሩ ምክንያት ሆኗል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

መብራት የለም፤ ስለዚህ መተኮስም የለም። የሁለት ቀሚስ ጠርዝ በእጄ ሰፋሁ። አንዷ ደንበኛ ቀሚሱ አጠረብኝ አለች። ቀሚሱ አላጠረም፣ አንቺ ወፍረሽ ነው አልኳት። ሄደች። ነገ ትመለሳለች፤ እንደኔ የሚሰፋ የለም።

የዓይናማዋ ፎቶ ከስፌት መኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ አለ። ሞጣ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ከገበያ የገዛሁት ነው። ጠርዙን ምስጥ በልቶታል። ያ ፎቶ ብዙ አይቷል። ለሰው ቤት ውሃ የቀዳሁበትን ዓመት። የቀጠረኝ ልብስ ሰፊ “ሴት መኪና ላይ አትቀመጥም” ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ብቻ ሲያስተክለኝ። ጡቴ ገና ሳይደርቅ ነበር የወጣሁት፤ ደረቴን በመቀነት ጠፍሬ አስሬ። ይህን ግን አላየም።

አማቴ በሰው ላከችብኝ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ትመለሳለች ማለቷ ነው። ልመለስ ያልኩበት ቀን አልጠፋም፤ እንዲያውም በየሳምንቱ ነበር። ያን ጊዜ ቀና ብዬ ፎቶዋን አያለሁ። እሷ አልተመለሰችም እላለሁ። መኪናዋን እየረገጠች፣ የራሷን በር ራሷ ዘግታ እየከፈተች ትኖራለች እላለሁ። ሌሎች ሴቶች ለስለት ጻድቅ ይጠሩ ነበር። እኔም ጻድቃኑን እጠራለሁ፤ ስልችት ሲለኝ ግን የምጠራው እሷን ነበር። ንስሐ አባቴ ይህን አያውቁም።

ፊደል ሳላውቅ የደንበኛ ልክ የምይዘው በክር ነበር። ለትከሻ አንድ ቋጠሮ፣ ለወገብ ሁለት፣ ለዳሌ ሦስት። ሰው ሁሉ ከሚስማር ላይ የተንጠለጠለ የራሱ ክር ነበረው። የይታይሽ ክር አልነበረኝም። በየዓመቱ ለፋሲካ ቀሚስ እሰፋላታለሁ፤ እኩዮቿን አይቼ፣ በግምት። በሚኒባስ እልካለሁ። ደረሰኝ ትላለች። ልኳ ይሁን አይሁን አትነግረኝም፤ እኔም አልጠይቅም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

መብራቱ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። የትናንቷን ደንበኛ ነገ ነይ ብዬ በሩን ዘጋሁ። ከቴሌቪዥኑ አንድ ክንድ ርቄ ተቀመጥኩ።

ብዙ መስመር አመለጠኝ። ማምለጥ የነበረበት ግን አላመለጠኝም። ደረጃው ላይ ስትደርስ እንዲህ ይላል፦ “ቤቴ ልጄ ያለበት ነው።” እስከ አራት ነጥቡ አነበብኩት። ጎበዝ ተማሪ ብሎ የሚያጨበጭብልኝ አልነበረም።

አልቆረጡትም። እኔ ጨርቅ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የተቀጠለ ነገር መጋጠሚያው የት እንዳለ አውቃለሁ። ዘፈኑ ከዝናቡ እስከ ደረጃው ሳይሰበር ይሄዳል። መጋጠሚያ የለውም።

ታዲያ እኔ ያየሁት ምንድን ነው? መኪናውን ሰምቼዋለሁ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ አየነው የሚባለው። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ በአማርኛ የሚተርክልን እሱ ነበር። ቅኔ ቤቱን ጥሎ የመጣ። ህንድኛ አያውቅም፣ እንግሊዝኛም አያውቅም። ሲተርክ ግን ወንዱ ሁሉ ተደብቆ ያለቅስ ነበር።

ፎቶዋን አወረድኩት። ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ንጹሕ ቦታ ቀረ። ለዓይኔ አስጠላኝና መልሼ ሰቀልኩት። ነገ ቢቸና እሄዳለሁ። ለማን ብዬ እንደምሄድ አልጽፍም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

መንገዱ ክፍት ነበር። ቢቸና ስደርስ አምስት ሰዓት አልሞላም።

አየነው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጦ ጧፍ ይሸጣል። ጥርሱ አልቋል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። አላወቀኝም። ለምን ያውቀኛል፣ በዓይኑ አይቶኝ የሚያውቅ አይመስለኝም። ስለ አረንጓዴው ልብስ፣ ስለ ደረጃው ነገርኩት። ወዲያው ሳቀ።

“ያ ቤንዚን ያለቀበት ነዋ” አለ።

አልገባኝም። ነገረኝ። ቪዲዮ ቤቱ የሚሠራው በጀነሬተር ነበር። ሴትየዋ ቤቷን ጥላ ስትወጣ ቤንዚኑ አለቀና ቀጥ አለ። መጋረጃው የተጋረደበት ክፍል በቀን ጨለመ። ሰው መጮህ ጀመረ፤ አግዳሚ ወንበር ሊሰብሩ ነው። አየነው ግን “ተቀመጡ፣ የቀረውን እኔ እጨርስላችኋለሁ” አላቸው። ተቀመጡ። እዚያው በጨለማው በአፉ ጨረሰው። መጨረሻውን አያውቀውም፤ ካሴቱ የመጣው በዚያው ዕለት ነበር።

“መኪናውስ?” አልኩት። “የስፌት መኪናው?”

“ጀነሬተሩ ዝም ሲል የጎረቤት ልብስ ሰፊ መኪና ተሰማ። ሰዉም ሰማው። ከሰሙት አይቀር አስገባሁት።”

እኔ የጀነሬተሩን መጥፋት አላስታውስም። የተሰበረ እጄ በነጠላ ታስሮ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር አስታውሳለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር ይሆናል። እያለቀስኩ ነበር ይሆናል። ከዚያ አረንጓዴ ልብሷን ለብሳ ስትሰፋ አየኋት። አይቻታለሁ።

በዚህ አፍህ ልጄን ጥዬ ወጣሁ አልኩት። የሁለት ዓመት ልጅ። ሌላም ሌላም አልኩት፤ ቅጥሩ ሥር የተቀመጡት ነዳያን ሁሉ ዞረው አዩን። ጧፉን በእጁ እያሻሸ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

“እኅቴ፣ እኔ ለአርባ ሰው ነው ያወራሁት” አለኝ። “ሠላሳ ዘጠኙ ወደየቤቱ ሄደ።”

ጧፍ ልስጥሽ አለ። አልወሰድኩም። አልጋ ይዣለሁ። በስተጀርባው ወፍጮ ቤት አለ፤ ሲያቆም ጆሮዬን አቁሜ እሰማለሁ። ተክ ተክ የሚል የለም።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ሄድኩ።

ያ እጄን የሰበረ ሰው አልጋው ላይ የልጅ ያህል ሆኗል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር፤ ስገባ ለመዞር ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ይቅር በይኝ አለ። ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩት። ያለው አፌ ነው። ልቤ ሲደርስበት እጽፈዋለሁ፤ ካልደረሰም ካልደረሰ ነው። እግሩን አልነካሁም። ብርድ ልብሱ ተንሸራቶ ስለነበር አስተካከልኩለት። ይህን ለማንም ሕመምተኛ አደርገዋለሁ።

ይታይሽ ግቢው ውስጥ በርጩማ ሰጠችኝ። እሷ ቆመች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስትቆም ክንዷን ደረቷ ላይ ታጣምራለች፣ እንደ እናቴ። ምን እንደምትጠይቅ ስለማውቅ ሳትጠይቀኝ ጀመርኩ። ቪዲዮ ቤቱን፣ ዓይናማዋን፣ ፎቶውን፣ ቤንዚኑን፣ የጎረቤቱን መኪና፣ የትናንቱን አየነውን። አንድም ነገር አላስቀረሁም፤ ጡቴን ያሰርኩበትን መቀነት እንኳ። ትስቃለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሳቀችም። ትናደዳለች ብዬም ፈርቼ ነበር።

ክንዷን ሳትፈታ፦ “ቤንዚኑ ባያልቅ ይመለሱ ነበር?” አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። 

ወደ ቤት ገባች። በቃ፣ ይኸው ነው ብዬ ነጠላዬን አጣፋሁ። በሩ ጋ ስደርስ ተመልሳ መጣች፤ ክንዷ ላይ የታጠፈ ሰማያዊ ጨርቅ አለ። ለፋሲካ የገዛችው ነው። ጨርቁን ሰጠችኝና ከፊቴ ቆማ ሁለት እጇን ከጎኗ አራቀች። 

ሜትሬ ከቦርሳዬ ተለይቶ አያውቅም። ትከሻዋን ለካሁ። ደረቷን። ወገቧ ላይ ስደርስ ሜትሩን አላላሁት።

“አጥብቂው” አለችኝ። “ሁልጊዜ ታሰፊዋለሽ።”

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሞጣ ነኝ። ደንበኛዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። ጠርዙን ፈትቼ አስረዝምልሻለሁ አልኳት፤ በጤናሽ ነው ወይ አለችኝ።

የላክኋቸውን ቀሚሶች ሁሉ ለብሳቸዋለች ማለት ነው። ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ እስከ ደብረ ወርቅ ይህን ብቻ አሰብኩ። የአሥር ዓመቷን፣ የአሥራ አምስቷን፣ ያምናውን። ሁሉም ሰፍተዋት ነበር። እኔ በሐሳቤ ትልቅ አድርጌ አሳድጌያታለሁ።

ፎቶው አለ። አንቺ ተመለስሽ፣ እኔ አልተመለስኩም አልኳት። ያው ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። አልተቀያየምንም። ብቻ የልብስ ስፌት የማውቀው እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም።

በእጄ ጽሑፍ፦

ይታይሽ
ትከሻ 39
ደረት 90
ወገብ 74 (አጥብቂ)
ዳሌ 99
እጅጌ 56
ቁመት 117

እስከ ፋሲካ በአባቷ ጥቁር ትለብስ ይሆናል፤ እግዜር ያውቃል። እኔ ግን ነገ ከቅዳሴ በኋላ እደውልላታለሁ፤ ሰማያዊውን ሰኞ እቆርጠዋለሁ። ይህ ጨርቅ አስቸጋሪ ነው፣ መጥተሽ ፕሮቫ ካላደረግሽው፣ ለብሰሽው ካላየሁት ልክ አይመጣም እላታለሁ።

ጨርቁ አስቸጋሪ አይደለም። ልኩም እጄ ላይ ነው። ግን እንዲያ እላታለሁ።