መምህር ጥበቡ ኃይለሚካኤል እና አሥራ ሁለተኛው መጽሔት

በ1994 ዓ.ም. የቡና ዋጋ ወደቀ። ፍሬው በዛፉ ላይ ቀላ፣ ከዚያም ጠቆረ። ለለቃሚ የሚከፈለው ከሽያጩ ስለሚበልጥ የሚለቅም አልነበረም። ከሚዛን እስከ ቴፒ ሰው ቡናውን እየነቀለ በቆሎ ዘራ። በጥቅምት ወባ ገባ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ከአንድ ሠፈር ዘጠኝ ሰው ተቀበረ። ዘጠነኛዋ የመምህር ጥበቡ እናት ነበሩ።

የሕይወት ታሪክ ከልደት ይጀምራል። ይህኛው ከዚያ ወቅት የጀመረበት ምክንያት ወደ ኋላ ይነገራል።

መምህር ጥበቡ ከአባታቸው ከአቶ ኃይለሚካኤል ደስታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በየነች ወልዴ ጥር 12 ቀን 1950 ዓ.ም. በሚዛን ተፈሪ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከመንዝ የመጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ከሁለቱ ወንድማማቾች ታናሹ እሳቸው ናቸው። ታላቁ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል አቋርጦ የቡና መጋዘን ጥበቃ ሆነ። ይህን የጻፈው እሱ ነው።

በ1958 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ። በ1963 ዓ.ም. ለሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የቆዩ አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ በትምህርቱ አንደኛ ለወጡት ለጥበቡ አንድ የሸክላ ማጫወቻ፣ አሥራ አራት ሸክላና አንድ ሳጥን ኮሚክ የሚባሉ ባለሥዕል መጽሔቶች ትተውላቸው ሄዱ። ሌላው ሰው በዕድሜው የሚሰበስበውን ፍቅር እሳቸው በዚያ ሳምንት ሰበሰቡ። ከዚያ በኋላ የተለወጠባቸው ነገር የለም።

በሙዚቃ የሚወዱት ጥሩንባና ሳክስፎን ያለበትን የድሮ ዘፈን ነው፤ ያገርም ይሁን የውጭ። ኦርጋን ብቻውን የሚያጅበውን አይሰሙም። ድምፁ ቀስ በቀስ እየደከመ የሚጠፋ ዘፈን ሲገጥማቸው ማጫወቻውን ይዘጋሉ። «ዘፋኙ መጨረሻውን አጥቶ በጓሮ በር ወጣ» ይሉ ነበር። ዘፈን የሚያልቅ መሆን አለበት ባይ ነበሩ።

ከመጽሔቶቹ ጀግኖችም የሚበሩትን አይወዱም። «ጥይት የማይበሳው ሰው ምን ጀግንነት አለው? ሥራው ነው» ይሉ ነበር። የሳቸው ሰው ሰማያዊ ካባ ለብሶ ፊቱን በጭምብል የሚሸፍን፣ ቀን ቀን ግን የከተማ መብራት የሚጠግን ደመወዝተኛ ነው። ታሪኩ በአሥራ ሁለት መጽሔት ያልቃል። በሳጥኑ ውስጥ የነበሩት አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ አንደኛው የሚቆመው ሰውየው ሰው የሞላበትን ድልድይ በትከሻው ተሸክሞ ጉልበቱ ሲታጠፍ ነው።

በ1968 ዓ.ም. ጅማ መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በቀጣዩ ዓመት ተመረቁ። እዚያም አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ከአቶ ሬድዋን ጋር ተዋወቁ፤ አሥራ ሁለተኛውን እንዲፈልጉላቸውም አደራ አሉ። በ1970 ዓ.ም. የፈረንጅ ወረቀት ቤቱ የተገኘበት ሁሉ የሚጠየቅበት ጊዜ መጣ። ታላቅ ወንድማቸው ሳጥኑን በርሜል ውስጥ ከትቶ፣ አፉን በሬንጅ ደፍኖ ከቡና ሥር ቀበረው። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ከመሬት በታች ቆየ። ሲወጣ አንድም ገጽ አልረጠበም።

በሸኮ፣ በቴፒ፣ በማጂ፣ በመጨረሻም በሚዛን አርባ አንድ ዓመት አስተማሩ። ዓርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ለባለ ካባው ታሪክ ይሰጡት ነበር። በየዓመቱ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ተማሪው «ከዚያስ ቲቸር?» ይላል። «አላውቅም» ይላሉ። «እርስዎ ይጨርሱልን» ሲባሉም «የኔን ጨርሼ ብሰጣችሁ ውሸት ነው፤ የሰውየውን እንጠብቅ» ነበር መልሳቸው። የዝናብ ልብሳቸው ሰማያዊ ላስቲክ ስለነበር ልጆቹ ካባው ይሏቸዋል። ያውቁ ነበር፤ አልተቆጡም።

በ1978 ዓ.ም. በቴፒ ከተማ ነርስ ከነበሩት ከወይዘሮ የዓለምዘርፍ ተካ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ህሊናንና ፍሬአብን ወለዱ። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ «እኔን ያገባኝ ካሴት በእርሳስ የሚያጠነጥንለት ሰው አጥቶ ነው» ይላሉ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አጠንጥነውላቸዋል።

አሁን ወደዚያ ወቅት እንመለስ። በ1994 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ፣ መምህር ጥበቡ ማጂ ሳሉ፣ ከአቶ ሬድዋን አንድ ጥቅል ወደ ሚዛን መጣ። አሥራ ሁለተኛው መጽሔት ነበር። ከሃያ አራት ዓመት ፍለጋ በኋላ ተገኘ። ታላቅ ወንድማቸው ተቀብሎ በሳጥኑ ውስጥ አኖረው። በኅዳር እናታቸው በወባ ወደቁ። በቤቱ እህልም መድኃኒትም አልነበረም፤ ማጂ ድረስ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ነበር። ታላቅ ወንድማቸው ሳጥኑን እንዳለ ተሸክሞ ወደ ባለሱቁ ወደ አቶ ሙሄዲን ወሰደና ለዕቃ መጠቅለያ በኪሎ ሸጠው። በገንዘቡ ክኒንና በቆሎ ገዛ። እናታቸው በስምንተኛው ቀን ዐረፉ።

መምህር ጥበቡ በእግር ሲጓዙ ሰንብተው በሣልስቱ ደረሱ። አልቅሰው ሲያበቁ ጠየቁ።

«ከሬድዋን የመጣ ነገር የለም?»

«መጥቶ ነበር። ከሳጥኑ ጋር ሸጥሁት።»

«ለማን?»

«ለመጠቅለያ። በኪሎ።»

«በኪሎ ስንት?» አሉ። ተነገራቸው።

«እንግዲያ ዘንድሮ ከቡና የተሻለ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ነገሩን አንድ ቀን አላነሡም። ክፍል ውስጥ ግን «አላውቅም» ማለታቸውን ቀጠሉ። ታላቅ ወንድማቸው በእያንዳንዱ ዓመት ስንት ተማሪ እንደጠየቃቸው ያውቃል። ወደ ሱቁ ተመልሶ ወረቀቱ ምን ደረሰ ብሎ አልጠየቀም። አፍሮ ነው።

በ2010 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። የስኳር ሕመም በ2014 ዓ.ም. የግራ እግራቸውን፣ በ2016 ዓ.ም. የዓይናቸውን ብርሃን ወሰደ። ኋላም ኩላሊታቸው ደከመ። ጅማ ተመላልሰው ታከሙ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሐኪሞቹ ቤታቸው እንዲሆኑ መከሩ። ማጫወቻው ከአልጋቸው አጠገብ ነበር።

በየካቲት አጋማሽ የአቶ ሙሄዲን ባለቤት ወይዘሮ ኡሙሀኒ የጓዳ ቤታቸውን ሊያፈርሱ ሆነ። አቶ ሙሄዲን ካረፉ ቆይተዋል። ታላቅ ወንድማቸው አሮጌውን ማገር ሊገዛ ሄዶ ጓዳ ገባ። የጭቃው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ወረቀት ተለጥፎበታል። ባለ ካባው አልጋው ራስጌ ላይ ድልድዩን ተሸክሞ ቆሟል።

«ይህ ከየት የመጣ ነው?» አላቸው።

«የሙሄዲን ነገር» አሉ ወይዘሮ ኡሙሀኒ። «ይኸ ሁሉ ሥዕል ለበርበሬ መጠቅለያ አይቀደድም ብሎ ለጠፈው። ሃያ ሦስት ዓመት ተኝቼ ስነሣ ይኸ ሰውዬ እንደተሸከመ ነው። እኔን ደከመኝ።»

ከመምህር ጥበቡ ቤት እስከዚያ ጓዳ ሦስት መቶ እርምጃ አይሞላም።

ወረቀቱ በሊጥ የተጣበቀ ነው። የእያንዳንዱ ቅጠል ግማሽ ታሪክ ወደ ጭቃው ዞሯል። ታላቅ ወንድማቸው የሚፈልገውን መጽሔት በቁጥሩ ለየ፤ እንግሊዝኛ ባያውቅም ቁጥር ያነባል። ዘጠኝ ቀን በሞቀ ውሃና በጨርቅ እያራሰ ላጠው። ወይዘሮ ኡሙሀኒ ውሃ አሞቁ። ከአሥራ ስድስቱ ቅጠል ሦስቱን ምስጥ በልቷቸዋል። የመጨረሻው ቅጠል ሙሉ ነበር።

መምህር ጥበቡ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የዓለምዘርፍ፣ ልጆቻቸው ህሊናና ፍሬአብ፣ ታላቅ ወንድማቸው፣ እንዲሁም በአራት ከተማ ያስተማሯቸው ቀርተዋል። ነፍሳቸውን ከአብርሃም ጎን ያሳርፍልን፤ ዓይናቸው የተነፈገውን ብርሃን በዚያ ይስጥልን። ለቀሪው ቤተሰብ ጽናቱን ያድልልን።

ከማረፋቸው አምስት ቀን በፊት፣ ከቀትር በኋላ፣ ቅጠሎቹ ደርቀው ወደ አልጋቸው መጡ። መምህር ጥበቡ በጣታቸው ዳሰሷቸው፤ ሊጡን አሸተቱ። ምን እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም። ማጫወቻውን ዝጉት አሉ።

ህሊና በአማርኛ እየመለሰች አነበበች። የጎደሉት ላይ ስትደርስ «ጎድሏል» አለች፤ እሳቸውም «እለፊው» አሉ። ሰዎቹ ድልድዩን ተሻግረው ያልቃሉ። ሰውየው ድልድዩን ይለቀዋል፣ ወንዝ ውስጥ ይወድቃል፣ ሲነጋ በአንድ ክንዱ ዋኝቶ ይወጣል። በመጨረሻው ሥዕል ክንዱን አስሮ መሰላሉን ተሸክሞ ሥራ ይገባል። አለቃው ስላረፈደ ደመወዝ ይቆርጥበታል።

መምህር ጥበቡ ሳቁ። ከታኅሣሥ ወዲህ የሳቁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ቆረጡበት?»

«ቆረጡበት አባዬ።»

«አለቀ?»

«አለቀ። ከዚህ በታች ባዶ ነው።»

«ደህና ነው የጨረሰው። በጓሮ አልወጣም» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የታላቅ ወንድማቸውን እጅ ፈለጉ። ከውሃው ብዛት ቆዳው ተልጦ ነበር። ዳሰሱት።

«ጋሼ» አሉ፤ «እናታችን ያን ቀን በቆሎውን በልታ ነበር?»

«ሁለት ቀን በላች።»

«እንግዲያ ያኔም ዕዳ አልነበረብህም። አለብኝ ካልህም ዛሬ ከፍለሃል።»