ለእንግዳ መነሳት

ገላኔ ልጄ፣ ሚካኤል በሄድሽበት ይከተልሽ፤ እኛ ደህና ነን።

አባትሽ ከፎቅ ሥራ ላይ ወድቆ አከርካሪው ከተጎዳ ወዲህ መድኃኒቱን ይውጣል፤ ነርቩንም በኤሌክትሪክ መሣሪያ ያነቃቁለታል። ሐኪሟ ግን «ስፖርት ካልታከለበት ሁለቱ ብቻቸውን አይበቁም፤ ከወንበር መነሳት ይለማመድ» አለች። ለስፖርት ሰነፍ ነው፤ እንግዳን ቁጭ ብሎ መቀበል ግን ነውር ይመስለዋል። ችግሩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ገና ከበር «በሞቴ፣ እንዳትነሳ!» ሲለው መልሶ ይቀመጣል። ተቆጣሁና ይህ ቃል በቤቴ እንዳይባል ከለከልኩ። ትናንት ጎረቤታችን መኪያ ስትገባ ወንበሩን ተደግፎ ቆመላት። እሷ አለቀሰች፤ እኔ ግን ሥራ አለብኝ ብዬ ጓዳ ገባሁ።

በሰላም ያምጣሽ። ስትመጪ ታዲያ ሮጠሽ እንዳታቅፊው፤ አደራ። በሩ ላይ ቁሚና እስኪነሳልሽ ጠብቂው።

እናትሽ ዓለሚቱ፣ ቦሌ ሚካኤል