«ሙሉ በሙሉ» ብለን እንድንጽፍ ላስተማሩን ለወይዘሮ ራግንሂልድ ትቬይተን

የሶልቪካ አነስተኛ ወርክሾፖች ማኅበር የመከላከያ ጨረታ አማካሪ የነበሩት ወይዘሮ ራግንሂልድ ትቬይተን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው አርፈዋል። የማኅበሩ ቦርድ፣ ሠራተኞችና አርባ አንዱ አባል ወርክሾፖች በእጅጉ አዝነናል። ሐዘናችን ጸጸት ያለበት መሆኑንም ከአባላት መደበቅ አልፈለግንም።

ወይዘሮ ራግንሂልድ ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ሃያ ሁለት ዓመት በጦር ኃይሉ የግዢ መሥሪያ ቤት አገልግለዋል። ጨረታን ከገዢው ወንበር ሆነው ያዩ ስለነበሩ የአባላትን ሰነድ ሲይዙ መጀመሪያ የሚፈልጉት ሰነዱን የሚያስጥለውን መስመር ነበር።

በ2013 የዓሣ ሣጥንና የጀልባ ዕቃ ብቻ ይሠሩ የነበሩ አባሎቻችንን በመንግሥት የጨረታ ድረ ገጽ አስመዘገቡ። የደኅንነት ማረጋገጫ ወረቀት ለማግኘት ወራት ስለሚፈጅ ቀድመን እንድንጠይቅ በየወርክሾፑ እየዞሩ ወተወቱ። «ጨረታው ከወጣ በኋላ መሮጥ ከጀመራችሁ አርፍዳችኋል» ይሉ ነበር።

በ2016 ለየብቻቸው አቅም የሌላቸውን ሦስት ወርክሾፖች አጣምረው ለሠራዊቱ የመስክ ወጥ ቤት ተጎታች እንዲያቀርቡ አደረጉ። ያልገባንን በጽሑፍ መጠየቅም ያኔ ተማርን። ጥያቄውና መልሱ ለተወዳዳሪዎች ሁሉ ስለሚላክ እናፍር ነበር። «ይዩት፤ የጠያቂው ስም አይጻፍበትም» ብለው አስጠየቁን።

በ2019፣ በ2021 እና ባለፈው ዓመት ጥር ሰነዶችን አብሯቸው የሚያነብ ሁለተኛ ሰው እንዲቀጠር ለቦርዱ ደብዳቤ ጻፉ። ሦስቱም ጊዜ ቃለ ጉባኤያችን «በሚቀጥለው ዓመት ይታያል» ይላል።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ወይዘሮ ራግንሂልድ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል በገቡበት ሳምንት፣ ሃያ ሦስት ሠራተኞች ያሉት የአቶ ቶርሌይፍ ስኩዳል ወርክሾፕ ለሠራዊቱ በበረዶ ላይ የሚሄድ የቁስለኛ መጎተቻ ሸርተቴ ለማቅረብ ተወዳደረ። ሰነዱን ሁለተኛ ሰው አላነበበውም። ሸርተቴው በዓሣ ፋብሪካው ማቀዝቀዣ ክፍል ከዜሮ በታች በአርባ ዲግሪ ዘጠኝ ጊዜ ተፈትኖ አንድም ጊዜ አልተሰነጠቀም። ሆኖም ቅዝቃዜ መቋቋሙን በሚጠይቀው አሥራ አራተኛው መስመር ላይ አቶ ቶርሌይፍ «በከፊል ያሟላል» ብለው ጻፉ። መስመሩ ግዴታ ስለነበር ሰነዱ ዋጋው እንኳ ሳይታይ ወደቀ። አሥራ አራት ሠራተኞችም የስንብት ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ ስንብቱ እስካሁን ሳይፈጸም ቆይቷል።

በእኛ አካባቢ ጀልባው በዓሣ ተሞልቶ የገባ ሰው እንኳ «ባዶ አልገባንም» ነው የሚለው። አቶ ቶርሌይፍም ሲጠየቁ «ሙሉ በሙሉ ብዬ ብጽፍ ሰው ምን ይለኛል? ጉራ ነው» አሉ። ወይዘሮ ራግንሂልድ ከሆስፒታል ሲወጡ ይህን ሰምተው የመለሱት አጭር ነበር፤ «ቶርሌይፍ፣ ቅጹ ጎረቤትህ አይደለም። ያለውን ጻፍ።»

በዚያ ውድድር ያለፈ ባለመኖሩ ጨረታው ዘንድሮ በጥር እንደገና ወጣ፤ መዝጊያው ዛሬ ዓርብ እኩለ ቀን ነው። ወይዘሮ ራግንሂልድ እስካለፈው እሑድ ድረስ በሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው ሰነዱን መስመር በመስመር አርመዋል። ክፍት የተዉት አሥራ አራተኛውን ብቻ ሲሆን፣ ጠርዙ ላይ «ይህን እኔ አልጽፍልህም» የሚል ማስታወሻ አለ።

ረቡዕ ዕለት ቦርዱ የዚህን መግለጫ ረቂቅ አዘጋጅቶ ለባለቤታቸው ለአቶ ኦድቫር ላከ። ረቂቁ «ለአባላት የተወሰነ እገዛ አድርገዋል» ይል ነበር፤ ጨዋ አነጋገር መስሎን ነው። ትናንት ጠዋት አቶ ኦድቫር ወረቀቱን ይዘው ወደ ቢሮአችን መጡ። አቶ ቶርሌይፍም አሥራ አራተኛውን መስመር ሳይሞሉ ቅጹን ይዘው እዚያው ተቀምጠው ነበር። አቶ ኦድቫር ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «የተወሰነ ነው ያላችሁት? ሆስፒታል ሆና እንኳ የእናንተን ወረቀት ስታነብ ነው የከረመችው። ይህ ረቂቅ እሷ እጅ ቢገባ ትጥለው ነበር» አሉና ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ትተውልን ሄዱ። አቶ ቶርሌይፍ ብዕር ተቀብለው መስመሩን ሞሉ።

ሰነዱ ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተልኳል። ውጤቱ በሰኔ ይታወቃል። አሥራ አራቱ ሠራተኞች በሥራቸው ላይ ይቆዩ እንደሆነ ዛሬ ልንናገር አንችልም። ቦርዱ ሁለተኛ አንባቢ ለመቅጠር ትናንት ወስኗል። ይህ ውሳኔ እሳቸው በሕይወት እያሉ ሊወሰን ይገባው ነበር፤ ይህ ጥፋት የቦርዱ ነው።

የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው በመጪው ረቡዕ በአምስት ሰዓት በሶልቪካ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ለባለቤታቸው ለአቶ ኦድቫር፣ ለልጃቸው ለሶልሩን፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው እንዲሁም ሰነዱ በእጃቸው ለታረመለት ወርክሾፕ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

በረቂቁ ላይ የነበረውን ዓረፍተ ነገር ሰርዘናል። በምትኩ የሚከተለው ይነበብ፦ ወይዘሮ ራግንሂልድ ትቬይተን የተጣለባቸውን ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ ተወጥተዋል።

የማኅበሩ ቦርድ
ሶልቪካ