የአባትሽ ማስክ

እንቁ ልጄ፣ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ ላሚቱም ወለደች።

የላክሽልንን የጨርቅ ማስክ በሳሙና እያጠብኩ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። አባትሽ ግን ከገበያ ሲመለስ ጎረቤታችንን አያ ይሄነውን አገኛቸውና፣ «አፍ ሸፍኖ ትልቅ ሰው ሰላም ማለት ነውር ነው» ብሎ፣ ማስኩን አውልቆ ሳማቸው። ሰንበትበት ብሎ ሁለቱም ታመሙ። አባትሽ ተነሣ፤ እሳቸውን ቀበርን።

ከቀብሩ ወዲህ ቤት ውስጥም አያወልቀውም። «ልጠበው» ስለው «ቆይ» ይለኛል። እንቅልፍ ሲወስደው ቀስ ብዬ ከፊቱ ላይ ወስጄ ነው የማጥበው።

እመብርሃን በሰላም ታምጣሽ። ስትመጪ ግን አደራ፣ እኛን ለማክበር ብለሽ ማስክሽን እንዳታወልቂ። ዓይንሽን ማየት ይበቃናል።

እናትሽ ወርቄ፣ ከመካነ ሰላም