ገሜን ማን አሸከመው?

ለገሜ፣ ለኩርፊያዬም ለሳቄም ጌታ፤

እንደምን ከረምክ እንዳልልህ፣ አንተ ያለህበት አገር መክረም የሚባል ነገር ይኑር አይኑር ምን አውቃለሁ። እዚህ ግን ከተለያየን ስድስተኛው ክረምት እየወጣ ነው። መቱን ታውቃታለህ፤ ክረምቱ ወጣ ስትል ተመልሶ ይገባል። ጣሪያችን ግን አሁን አያፈስም። ሲፈን በመጀመሪያ ደመወዟ ቆርቆሮውን አስቀየረችው። አዎ፣ ልጅህ አስተማሪ ሆነች! ጎሬ ነው የምታስተምረው፤ ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። ሻይ ቤቴም እንደ ድሮው የቡናው መጋዘን ፊት ለፊት ነች። አንተ የምትቀመጥባት አግዳሚ አንድ እግሯ ተሰብሮ በድንጋይ ደገፍኳት እንጂ አልጣልኳትም።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ጣሪያና ስለ አግዳሚ ላወራህ አይደለም። ፊልም ተሠራልህ፣ ገሜ! አትሳቅ። ሲፈንና አብረዋት የተማሩ ጓደኞቿ ካሜራ ተከራይተው ስለ ጫኝና አውራጅ ማኅበራችሁ ድራማ ሠሩ።

መጀመሪያ ስትነግረኝ እንቢ ብዬ ነበር። ለምን እንደፈራሁ ታውቃለህ። አንተ የሞትክ ለት ሊቀመንበራችሁ ለፖሊሱም ለለቀስተኛውም «ሰክሮ ነበር፤ ራሱ ነው ክምሩን የናደው» ብሎ ተናገረ። ከተማው ደግሞ አመነው። አንተ! ጠላ ሲቀርብልህ ጨጓራዬን ብለህ ውኃ የምታስመጣው! በሠርጋችን ቀን እንኳ ብርጭቆህን ለሚዜህ ያቀበልከው! ይኸው እስከ ዛሬ ገበያ በወጣሁ ቁጥር «የዚያ ሰክሮ የሞተው ሰውዬ ሚስት» ሲሉ እየሰማሁ እንዳልሰማ አልፋለሁ። ካሳ አልፈለግሁም። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በአደባባይ ቆሞ «አልሰከረም» እንዲልልኝ ነበር የምፈልገው። ፊልሙ ያንኑ ውሸት ቢደግምስ ብዬ ፈራሁ። ሲፈን ግን አንተን ነው የወጣችው፤ አትከራከርም፣ ዝም ብላ ታይሃለች። በመጨረሻ እሺ አልኩ።

ትከሻህን በቅባት ሳሽልህ የነገርከኝን አልረሳሁም። ኩንታል ብቻውን ጀርባ ላይ አይወጣም፤ አንተ ጎንበስ ትላለህ፣ ጓደኞችህ ግራና ቀኝ ይዘው ያሸክሙሃል፣ «ጀባዱ» ይሉሃል፣ በርታ ማለታቸው ነው። ቀጥሎ አንተ ታሸክማለህ። አንተና ሁሴን ስትሸካከሙ ነው የኖራችሁት። እሱ ጾም ሲይዝ ቀለል ያለውን ጆንያ እየመረጥክ ታሸክመው እንደነበር የነገረኝ ራሱ ነው፤ አንተማ መች ትናገራለህ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ተራ መሸጥ ጀመረ። ጫቱን የያዘለት፣ ምሳ የጋበዘው ቀድሞ ይጭናል፤ ሽማግሌዎቹ ቀኑን ሙሉ ግንቡን ተደግፈው ውለው ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። ለምን ያለውን ጎረምሶቹ መንገድ ላይ ጠብቀው ይደበድቡታል። አንተ ስብሰባ ላይ ተነሳህና «ተራ የማኅበሩ ነው፣ የአንድ ሰው አይደለም» አልክ። በቃ፣ ይቺን ብቻ። በማግሥቱ ገመቹን ያሸከመ ሰው ማኅበሩን ይለቃል ተባለ።

እኔ ነገሩ የገባኝ ከሻይ ቤቴ ሆኜ ሳይህ ነው። ጎንበስ ብለህ ጠበቅህ፤ የመጣ የለም። ቀና አልክና ዙሪያህን አየህ። ደግሞ ጎንበስ አልክ። ሁሴን ፊቱን አዙሮ የጫማውን ክር ያስራል። ወይኔ ገሜ፣ ያን ጀርባህን! ማታ ምን ተሻለ ስልህ «ተያት፣ ይረሱታል» ብለህ እራትህን በላህ።

በሳምንቱ፣ የሚያሸክምህ ስታጣ፣ መጋዘኑ ውስጥ ክምሩን ተደግፈህ ብቻህን ኩንታል ወደ ጀርባህ ስትስብ ተናደብህ አሉኝ። ቀብርህ ላይ እነዚያው ሰዎች ሬሳህን ለመሸከም ተሻሙ። ከንዴቴ ብዛት እንባ እንቢ አለኝ። ሰው ደግሞ ልቧ ደረቅ ነው አለ።

ወደ ፊልሙ ልመልስህ። ቅዳሜ ከሰዓት የከተማው አዳራሽ ጢም አለ። ጫኞቹ በሙሉ መጡ። ሊቀመንበሩም መጣ፤ አሁንም ሊቀመንበር እሱ ነው፣ ማን ምን ይለኛል ብሎ ፊት ወንበር ላይ ተሰየመ። አንተን ሆኖ የሠራው ልጅ መልከ መልካም ነው፣ ጸጉሩን ተቀብቶ፣ መዳፉ የለሰለሰ። ቅና እንግዲህ፣ እንዲያ አምረህ አታውቅም። እኔና አንተን ደግሞ ሶር ፏፏቴ ሥር አገናኙን! እኛ እኮ ሶርን ያየነው ሲፈን ድክ ድክ ስትል ነው፣ ያውም ጭቃው ጫማዬን በላው እያልክ ስትነጫነጭብኝ ውለህ። ብቻዬን ሳቅሁ፤ አጠገቤ ያሉት ገላመጡኝ።

ከዚያ መጋዘኑ መጣ። ልጁ ኩንታሉን ከመሬት ብድግ አድርጎ፣ ራሱ ጀርባው ላይ ጣል አድርጎ መንገድ ጀመረ። ጆንያው ውስጥ ገለባ ነው ያለው። እነ ሲፈን መች አወቁ፣ እኔም ቀድሜ አላየሁትም። ከኋላ የጫኞቹ ሳቅ ፈነዳ። አንዱ «ኧረ ማን አሸከመው?» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ተቀብሎ «ማን አሸከመው?» አለ። ሦስተኛው ሊደግም አፉን ከፈተና ተወው።

ገባቸው፣ ገሜ። ሳቁ እዚያው ላይ ቀጥ አለ። ፊልሙ ይሄዳል፤ እነሱ ግን መሬት መሬት ያያሉ።

ከመሃል ሁሴን ተነሳ። ሽበት ወርሶታል። በሻይ ቤቴ በር ላለማለፍ ይኸን ሁሉ ዓመት በመስጊዱ በኩል ሲዞር የኖረው ሁሴን! «ማሸከም የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለ። «ፈርቼ ተውኩት። ወላሂ ገመቹ አልሰከረም። ክምሩም ራሱ አልተናደም፤ የሊቀመንበሩ አማች ከላይ ሆኖ በእግሩ ሲገፋው በዓይኔ አይቻለሁ።» ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረና «ገመቹ፣ ዲፋማ ናፍ ጎዲ» አለ፤ ያንን ጸጉሩን የተቀባ ልጅ ይቅር በለኝ አለው።

ሊቀመንበሩ ተነስቶ ወጣ። ማንም እግሩን ሰብስቦ መንገድ አልለቀቀለትም፣ በሰው ጉልበት መሃል እየተጋፋ ነው የወጣው። እኔስ? አለቀስኩ። ቀብርህ ላይ እንቢ ያለኝ እንባ ያን ቀን ወረደ። ሲፈን አቅፋኝ «እማ፣ ሰማሽ? ሰማሽ?» ትለኛለች። እንዴት አልሰማ!

ሰኞ ሁሴን ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ፣ ሌሎች ጫኞችም ተከተሉት። አማቹ ከመቱ ጠፍቷል፤ ኡካ ከተማ አየነው የሚሉ አሉ። ነገሩ የት እንደሚደርስ እንጃ፣ አልዋሽህም። ገበያ ውስጥ ግን የሚሉኝ ተለውጧል፤ እሱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በማግሥቱ ሁሴን መጥቶ አግዳሚህ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ቀዳሁለት። እውነቱን ልንገርህ፣ ገና ይቅር አላልኩትም። ስኳሩን ግን እንደ ድሮው አበዛሁለት።

እነ ሲፈን ስህተታቸውን ሲያውቁ አፈሩ። ያቺን ቦታ እንደገና እንቀርጻታለን፣ አሸካሚ እናስገባለን አሉ። እንዳትነኳት አልኳቸው። ጎሬም ይታይ በደሌም፣ ጫኝ ያለበት አገር ሁሉ እዚያች ላይ ሲደርስ ይሳቅ፤ ይሳቅና «ማን አሸከመው?» ይበል።

አልረሳህም ማለት ለኔ ቀላል ነው፣ አግዳሚህን በየቀኑ እወለውላለሁ። ቃሌ ከዚያ ይበልጣል። ይቺ ፊልም በምትታይበት ሁሉ እኔ ሰውነቴ እስከቻለ ድረስ አዳራሹ ውስጥ አለሁ። ሲስቁ እጠብቃቸዋለሁ። ሲጠይቁ ተነስቼ እመልሳለሁ፦ ማንም። ማንም አላሸከመውም።

ሚስትህ ጥሩወርቅ