ስለ ማይክሮፎኑና ስለ ቁልፉ

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ
ዲላ

የተከበሩ ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ሰላም፣ የዚያንም ትልቅ የድምፅ ማጉያ ደኅንነት እጠይቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ይህንንም ከሥራ ክፍሌ ውጭ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር ተቀምጬ እጽፍልዎታለሁ።

ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሰዎችን ሳማክርና ተማሪዎችን ሳስተምር፣ የተጎዳ ሰው የደረሰበትን በፈለገው ጊዜ፣ ለፈለገው ሰው ብቻ ይናገር ስል ኖሬያለሁ። እርስዎ ግን ባለፈው ወር ስለ ሥነ ልቦና ቁስል ባዘጋጁት የአንድ ቀን ሥልጠና ይህን ሁሉ ልፋት በግማሽ ሰዓት ስለገላገሉኝ፣ ምስጋናዬን እንደ ጽሕፈት ቤታችን ልማድ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. እኔ ዘንድ የምትመጣ አንዲት እናት አለች። ስሟን አልጽፍም፤ እርስዎ በማይክሮፎን ስለጠሩት አዳራሹ በሙሉ ያውቀዋል። ቤቷ የተቃጠለ ቀን የሆነውን ለመናገር ሰባት ወር ፈጅቶባታል፤ ያኔም የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። እርስዎ «ምስክርነት ትሰጠናለች» ብለው መድረክ ላይ አወጧት። እሑድ በጸሎት ቤት ሰው ለምስክርነት የሚቆመው ወድዶ፣ ስለ መዳኑ ሊያመሰግን መሆኑን፣ አገልጋይም ስለሆኑ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። እሷ ገና አልዳነችም ነበር። ዝም ስትል ደግሞ እንድትበረታ ብለው አስጨበጨቡላት።

፪. ስታለቅስ ፎቶ አስነሥተው በሪፖርቱ ሽፋን ላይ ስላወጡት አመሰግናለሁ። ከሥሩ «ተሳታፊዎች እፎይታ አግኝተዋል» ይላል። ስለ እፎይታዋ ብነግርዎ ደስ ባለኝ፤ ግን ከዚያ ወዲህ አራት ማክሰኞ ሙሉ ጠበቅኋት፣ አልመጣችም። «አዳምጣ ብቻ ትመለሳለች» ያሉኝን አምኜ የጋበዝኳት እኔ ነኝና፣ ይህን ስጽፍ አፍሬም ነው፣ ተናድጄም ነው።

፫. የማማከሪያ ክፍሌን ለባነሮችዎና ለፕላስቲክ ወንበሮችዎ ማስቀመጫነት ስለመረጡት ክብር ተሰምቶኛል። ቁልፉ ንብረት ክፍል፣ አቶ አለባቸው ጋ ነው፤ እሳቸውም ያለ እርስዎ ፊርማ አይሰጡም። ምክር ዛፍ ሥርም ይሰጣል ማለትዎን ሰምቻለሁ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ስለሚያዳምጥ፣ በእርግጥም የተጠቃሚው ቁጥር ጨምሯል።

የሰጡኝን የምስጋና ወረቀት የምሰቅልበት ግድግዳ ስለሌለኝ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ለመድረክዎ ድምቀትን፣ ለማይክሮፎንዎ የማያልቅ ባትሪን እየተመኘሁ፣ ከዋንዛው ሥር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

ደግነት ሲራክ
የሥነ ልቦና ባለሙያ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስል ያቺ እናት ደወለችልኝ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክፍሉ በር ከውስጥ ይቆለፋል ወይ? እርስዎ ፊርማዎን ይላኩልኝና እኔ እነግራታለሁ፤ ስልክ ቁጥሯን ግን አይጠይቁኝ።